በደረጃው ሰው የተሸጠበት፣ በችሎቱ ነጻነት የተጠየቀበት የሴንት ሉዊስ አሮጌ ፍርድ ቤት

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ በተቆረቆረችው የሴንት ሉዊስ ከተማ መሀል፣ 192 ሜትር ከፍታ ካለውና ከማይዝግ ብረት ከተሠራው ዝነኛ ቅስት በስተምዕራብ፣ ትልቅ ጉልላት የደፋ አንድ አሮጌ ሕንጻ ይገኛል። ሕንጻው በቀድሞው ዘመን የሴንት ሉዊስ ካውንቲ ፍርድ ቤት የነበረ ሲሆን፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ዛሬ በአጭሩ አሮጌው ፍርድ ቤት እያሉ ይጠሩታል። ካውንቲ በአሜሪካ የአስተዳደር መዋቅር ከግዛት በታች የሚገኝ፣ የራሱ አስተዳደርና ፍርድ ቤት ያለው እርከን ነው።

ሕንጻው 27 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ወጪ የተደረገበት እድሳት ተጠናቆ እ.ኤ.አ ግንቦት 3 ቀን 2025 ለጎብኚዎች ዳግም ክፍት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ካውንቲ ፍርድ ቤት ከግዛቱ ድንበር አልፎ እንዲታወቅ የሚያደርግ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። የመሬት ክርክር፣ የውርስ ጉዳይ፣ የዕዳና የድብደባ ክስ የየዕለት ሥራው ነው። የሴንት ሉዊሱ ፍርድ ቤትም የተቋቋመው ለዚሁ ዓይነት ሥራ ነበር። ሆኖም ከተራ የድብደባ ክሶች ጋር አብረው የተመዘገቡ አንዳንድ መዝገቦች የአገሪቱን ሕገ መንግሥት እስከ መለወጥ የደረሰ ውጤት አስከትለዋል። በሌላ በኩል በዚሁ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ በዚሁ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የሰው ልጅ በሐራጅ ተሸጧል። የሕንጻውን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ሁለቱንም ጎን ለጎን መመልከት ይኖርበታል።

የታሪኩ መነሻ አንድ የመሬት ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ በ1816 ከከተማዋ ቀደምት ነዋሪዎችና ባለጸጎች መካከል የሆኑት ነጋዴው ኦጉስት ሹቶ እና ዳኛው ጆን ባፕቲስት ቻርልስ ሉካስ ከይዞታቸው ላይ ቆርሰው ለካውንቲው መሬት አበረከቱ። ስጦታው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ቦታው ለዘለዓለም የፍርድ ቤት መቆሚያ ሆኖ እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር። ይህ ቅድመ ሁኔታ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ራሱ በፍርድ ቤት አከራክሯል።

በቦታው ላይ በመጀመሪያ የቆመው በ1820ዎቹ የተሠራ የሸክላ ጡብ ሕንጻ ነው። ይሁንና የሴንት ሉዊስ ዕድገት ሕንጻውን ወዲያውኑ አጠበበው። ወደ ምዕራብ የሚፈልሰው ሕዝብ፣ የወንዝ መርከቦች፣ የጸጉራም ቆዳ ነጋዴዎችና የጦር ሠራዊት ስንቅ አቅራቢዎች ሁሉ የሚገናኙት በዚህች ከተማ ነበር። በ1840 ከ16 ሺህ ጥቂት የበለጠ የነበረው የነዋሪዎቿ ብዛት በ1860 ከ160 ሺህ በላይ ደርሷል። ሕዝብ ሲበዛ ክርክርም ይበዛልና የካውንቲው ሹማምንት በ1839 የአዲስ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። የሥነ ሕንጻ ባለሙያው ሄንሪ ሲንግልተን ባቀረበው ንድፍ መሠረት ክብ አዳራሽ በመሀል ሆኖ በዙሪያው አራት ክንፎች እንዲኖሩት ታሰበ። የጡቡ ሕንጻም ለጊዜው የምሥራቁ ክንፍ ሆኖ እንዲቀጥል ተደረገ። ግንባታው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እየተካሄደ፣ ባልተገኘ ቁጥር እየቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የሕንጻው አቀማመጥ ራሱ ትርጉም ነበረው። ሚዙሪ በ1821 ወደ ኅብረቱ የገባችው ባርነትን በሕግ የፈቀደች ግዛት ሆና ነው። ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ወደ ምሥራቅ ጥቂት መንገድ ከተጓዙ በኋላ የሚገኘው የሚሲሲፒ ወንዝ ሲሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ኢሊኖይ ደግሞ ባርነት የተከለከለባት ግዛት ነበረች። በሁለቱ ሕጎች መካከል የነበረው ርቀት የአንድ ጀልባ ጉዞ ብቻ ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎችን ይዘው ወደ ማዶ የሚሻገሩ፣ ለዓመታት እዚያ አሠርተው የሚመለሱ ጌቶች ብዙ ነበሩ። ታዲያ ባርነት በሌለበት ምድር የኖረ ሰው ወደ ሚዙሪ ሲመለስ ምንድን ነው? ባሪያ ወይስ ነጻ ሰው? ጥያቄው በተደጋጋሚ ለዚህ ፍርድ ቤት ቀርቧል።

የሚዙሪ ሕግ ለዚህ ጥያቄ በር ከፍቶ ነበር። በ1824 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ፣ ያለ አግባብ በባርነት ተይዣለሁ የሚል ሰው በድኻነት ያለ ክፍያ ክስ እንዲመሠርት ፈቅዷል። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል፤ ክርክሩ እስኪያበቃ ድረስ ከፍርድ ቤቱ የሥልጣን ክልል ውጭ እንዳይወሰድና በመክሰሱ ምክንያት እንዳይቀጣ ትእዛዝ ይሰጥለታል። በዚያው ዓመት የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዊኒ የተባለች ሴት ባቀረበችው ክስ ላይ፣ ባርነት በተከለከለበት ምድር እንዲኖር የተደረገ ሰው ነጻነቱን አግኝቷልና ወደ ሚዙሪ በመመለሱ አያጣውም የሚል ውሳኔ ሰጠ። አንድ ጊዜ ነጻ የሆነ ሁልጊዜ ነጻ ነው የሚለው መርሕ በሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው።

የክሱ አቀራረብ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከሳሹ ነጻነት ይሰጠኝ ብሎ በቀጥታ አይጠይቅም። ነጻ ሰው ሆኜ ሳለሁ ተከሳሹ ደብድቦኛል፣ ያለ ሕግም አስሮኛል ብሎ የድብደባና ሕገ ወጥ የእስራት ክስ ይመሠርታል። ተከሳሹ ከሳሹ ባሪያዬ ስለሆነ መብቴ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ፍርድ ሰጪዎቹም በዚህ መሀል ከሳሹ ነጻ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መወሰን ግድ ይሆንባቸዋል። ማለትም አንድን ሰው መምታት ወንጀል የሚሆነው ሰውየው ሰው መሆኑ ሲታመን ብቻ ነበር።

ከ1814 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ከ300 በላይ የነጻነት ክሶች መመዝገባቸውን የግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ያስረዳል። ከከሳሾቹ መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ልጆች የእናታቸውን የሕግ ሁኔታ የሚወርሱ በመሆኑ፣ አንዲት እናት ነጻ መሆኗን ካስረዳች የልጆቿንም ነጻነት የምታስረዳበት መንገድ ይከፈት ነበር።

የፖሊ ዋሽ እና የልጇ የሉሲ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፖሊ በወጣትነቷ ኢሊኖይ ውስጥ እንድትኖርና እንድትሠራ የተደረገች ሴት ነበረች። በ1839 ክስ መሠረተች፤ በ1843 ነጻነቷ ተረጋገጠ። ፖሊ ግን የራሷን ውሳኔ እንኳ ሳትጠብቅ በ1842 የልጇንም ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርባ ነበር። ሉሲ ያኔ ገና ልጅ ናት። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሌላ አገር እንዳትወሰድ በሚል 17 ወራት በእስር ቤት ቆየች። በ1844 ጉዳዩ ሲሰማ ጠበቃዋ ኤድዋርድ ቤትስ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን መንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። ሉሲ ነጻ ወጣች። በ1891 ሉሲ ዲሌኒ በሚለው የትዳር ስሟ ያሳተመችው የሕይወት ታሪክ፣ በነጻነት ክስ ያለፈ ሰው በራሱ አንደበት የተረከው ብቸኛው መጽሐፍ እንደሆነ የታሪክ ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

ከእነዚህ ሁሉ መዝገቦች ግን ዓለም የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ድሬድ ስኮት እ.ኤ.አ በ1799 ገደማ በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ። ብሎ የተባለው ቤተሰብ ንብረት ሆኖ በ1830 ወደ ሴንት ሉዊስ መጣ፤ ከዚያም ጆን ኤመርሰን ለተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ተሸጠ። ሐኪሙ በሥራው ምክንያት በኢሊኖይ ወደሚገኝ ምሽግ፣ ከዚያም በዛሬዋ ሚኒሶታ ወደሚገኘው የስኔሊንግ ምሽግ ሲዛወር ስኮትን አስከትሎ ሄደ። ሁለቱም ቦታዎች ባርነት የተከለከለባቸው ነበሩ። ስኮት በስኔሊንግ ምሽግ ሃሪየት ሮቢንሰን የተባለች ሴት አገባ። በባርነት የተያዙ ሰዎች ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ በማይሰጠው በዚያ ዘመን፣ የእነርሱ ጋብቻ በአንድ የመንግሥት ሹም ፊት የተፈጸመ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። ኤሊዛ እና ሊዚ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። የመጀመሪያዋ የተወለደችው ከሚዙሪ ድንበር በስተሰሜን፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በምትጓዝ መርከብ ውስጥ ነው።

ኤመርሰን በ1843 ሞተ። ስኮት የራሱንና የቤተሰቡን ነጻነት በገንዘብ ለመግዛት የሟችን ባለቤት አይሪን ኤመርሰንን ቢጠይቅም ፈቃደኛ አልሆነችም። ሚያዝያ 6 ቀን 1846 ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ አቀረቡ። ሁለቱም መጻፍ ስለማይችሉ በስማቸው አጠገብ የመስቀለኛ ምልክት አኖሩ። በዚያ ዘመን በነበረው የሕግ አተረጓጎም ጉዳዩ ቀላል ይመስል ነበር። ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ብዙ ሰዎች በዚሁ ፍርድ ቤት ረትተዋልና።

ሰኔ 30 ቀን 1847 በምዕራቡ ክንፍ፣ በምድር ቤት በሚገኘው ችሎት በዳኛ አሌክሳንደር ሃሚልተን ፊት ክርክሩ ተሰማ። የፍርድ ሸንጎው አባላት ሁሉም ነጭ ወንዶች ነበሩ። ስኮትን ከአይሪን ኤመርሰን ተከራይቼ አሠርቼዋለሁ ብሎ እንዲመሰክር የተጠራው ሰው፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ኪራዩን የተዋዋለችው ሚስቴ ናት፣ እኔ ገንዘቡን ብቻ ነው የከፈልሁት አለ። ቃሉ የስሚ ስሚ ተብሎ ውድቅ ሆነ። አይሪን ኤመርሰን የስኮት ባለቤት መሆኗ አልተረጋገጠም ተብሎ ክሱ ተዘጋ። የውሳኔው ውጤትም የሚያስገርም ነበር። ባለቤታቸው መሆኗ ስላልተረጋገጠ ባልና ሚስቱ በእርሷ ባለቤትነት ሥር እንዲቆዩ ተፈረደ ማለት ነው።

ዳኛው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀደ። ይሁንና በይግባኝና በቀጠሮ ብዛት፣ በ1849 ደግሞ ከተማዋን ባወደመው ቃጠሎና ከነዋሪዎቿ አንድ አሥረኛ ገደማ በጨረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ ሳቢያ ሌላ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የካውንቲው ሸሪፍ ባልና ሚስቱን ለሌላ ሰው እያከራየ ደመወዛቸውን በአደራ ይይዝ ነበር። ጥር 1850 በዚያው ችሎት በተካሄደው ሁለተኛ ክርክር የተከራይዋ ሚስት ቃል ቀረበ፤ ሸንጎውም ድሬድ ስኮት ነጻ ሰው ነው ሲል ፈረደ። በአሮጌው ፍርድ ቤት ውስጥ የተሰጠው የመጨረሻ ፍርድ ይህ ነው። የስኮት ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የአካባቢው ተራ ፍርድ ቤት ለስኮት የፈረደለት መሆኑ ነው።

ውሳኔውን የሻሩት ከፍ ያሉት ፍርድ ቤቶች ናቸው። በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ የበታች ፍርድ ቤቱን ፍርድ ገለበጠ። አብዛኛው ድምፅ ያቀረበው ምክንያት በአጭሩ ዘመኑ ተለውጧል የሚል ነበር። ባርነትን በሚመለከት በሰሜንና በደቡብ መካከል የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ ስለነበር፣ ሃያ ስምንት ዓመት የቆየው መርሕ በአንድ ውሳኔ ተጣለ። በልዩነት የቆመው ዳኛ ሃሚልተን ጋምብል ብቻ ነው። በ1854 ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሻገር የተሰማው በአሮጌው ፍርድ ቤት ውስጥ ሳይሆን በአቅራቢያው በኪራይ በተያዘ ሌላ ቤት ነበር። በመጨረሻም መጋቢት 6 ቀን 1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ወሰነ። ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ በጻፈው ውሳኔ መሠረት ጥቁሮች፣ ነጻም ሆኑ ባሪያ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ ስለማይችሉ በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የላቸውም፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም በፌዴራል ግዛቶች ውስጥ ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ውሳኔው የጦርነቱ ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ የድርድር መንገዶችን ከዘጉት ነገሮች አንዱ እንደነበር የታሪክ ባለሙያዎች ይስማማሉ።

የስኮት ቤተሰብ ነጻነት የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። አይሪን ኤመርሰን በዚህ ጊዜ ባርነትን ለሚቃወም የማሳቹሴትስ የምክር ቤት አባል ተድራ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ባሏ አፈረ። ቤተሰቡ ለስኮት ወዳጅ ለቴይለር ብሎ እንዲተላለፍ ተደረገ፤ እርሱም ግንቦት 26 ቀን 1857 በዚሁ ፍርድ ቤት፣ በዚያው በዳኛ ሃሚልተን ፊት፣ የነጻነት ሰነዳቸውን አስመዘገበ። ሸሪፉ በአደራ የያዘውን የዓመታት ደመወዝ የጠየቀችው ግን አይሪን ነበረች። ስኮት በከተማዋ በሚገኝ አንድ ሆቴል የሻንጣ ተሸካሚነት ሥራ ያዘ፤ ሃሪየት ልብስ ታጥብ ነበር። ስኮት 16 ወር ያልሞላ የነጻነት ዘመን አሳልፎ መስከረም 17 ቀን 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሃሪየት እስከ 1876 ኖራለች። ጉዳዩ በታሪክ የሚጠራው በባል ስም ብቻ መሆኑ ተገቢ አይመስልም። ሃሪየት የራሷን ክስ በራሷ ስም ያቀረበች ሲሆን፣ የልጆቹ ዕጣ የሚወሰነው በእናታቸው ሁኔታ ስለነበር የእርሷ መዝገብ ለቤተሰቡ የበለጠ ክብደት ነበረው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ1850 ተከራካሪዎቹ ለአንዱ የተሰጠው ውሳኔ ለሌላውም እንዲያገለግል በመስማማታቸው የሃሪየት ስም ከአደባባይ ራቀ።

በውስጥ ይህ ሁሉ ሲሆን በውጭ ሌላ ሥራ ይካሄድ ነበር። ሰው ሞቶ ዕዳው ሲጣራ ወይም ውርሱ ሲከፋፈል፣ ፍርድ ቤቱ ንብረቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ያዝዝ ነበር። ሐራጁ የሚካሄደው በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች በሕግ ንብረት ስለነበሩ ከሟች መሬት፣ ከከብቱና ከቤት ዕቃው ጋር በዚያው ደረጃ ላይ ቆመው ተሸጠዋል። የመጨረሻውን ሽያጭ የሚያሳይ፣ ቶማስ ሳተርዋይት ኖብል የተባለው ሠዓሊ የሣለው ሥዕልም ይታወቃል።

በዚሁ ሕንጻ የተመዘገበ ሌላ አጭር ሰነድ ደግሞ መጠቀስ ይገባዋል። መጋቢት 29 ቀን 1859 በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በእርሻ ሥራ አልሳካ ያለው አንድ የቀድሞ የጦር መኮንን፣ ዊሊያም ጆንስ የተባለ ሰውን ነጻ ማውጣቱን ፈርሞ አስመዘገበ። ገንዘብ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ስለነበር ጆንስን ቢሸጠው ኖሮ ችግሩን ባቃለለለት ነበር። በዚያው ዓመት ለካውንቲው መሐንዲስነት አመልክቶ ሳይቀበሉት ቀሩ። ይህ ሰው ዩሊሲስ ግራንት ነው። በኋላ የሰሜኑን ጦር መርቶ ለድል ያበቃ፣ ከዚያም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነ።

ጉልላቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1851 የቀድሞው የጡብ ሕንጻ ፈርሶ፣ ሮበርት ሚቼል በነደፈው መሠረት የምሥራቁ ክንፍ በአዲስ ተተካ፤ የደቡቡና የሰሜኑ ክንፎችም ተከተሉ። የመጀመሪያው ጣሪያ ላይ የነበረው ትንሽ ጉልላት ለገዘፈው ሕንጻ አልመጥን በማለቱ ዊሊያም ረምቦልድ በቫቲካን የሚገኘውን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አርአያ ያደረገ የብረት ጉልላት ነደፈ። በዚያን ጊዜ ብረት ለእንዲህ ያለ ሥራ አዲስ ነገር ስለነበር ጉልላቱ ግድግዳውን ያፈርሰዋል የሚል ስጋት ነበር። በዋሽንግተን የካፒቶል የብረት ጉልላት ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ የሴንት ሉዊሱ በጦርነቱ ዘመን በ1862 ተጠናቀቀ። አጠቃላይ ወጪው 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ሕንጻው እስከ 1894 ድረስ በሚዙሪ ረጅሙ ሆኖ ቆይቷል።

በጉልላቱ ሥር ያለውን የውስጥ ግድግዳ በሥዕል እንዲያስጌጥ የተመረጠው ትውልደ ጀርመኑ ካርል ዊማር ነበር። የሴንት ሉዊስን መመሥረትና በ1780 በከተማዋ ላይ የተሰነዘረውን ጥቃት ጨምሮ አራት የታሪክ ትዕይንቶችን ሣለ። ሠዓሊው የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ስለነበር ሥራውን ያገባደደው በከባድ ድካም ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አረፈ። ሥዕሎቹ ከዚያ ወዲህ በሌሎች እጅ በተደጋጋሚ ስለተነካኩ ዛሬ የሚታየው ሙሉ በሙሉ የዊማር እጅ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የስኮትን ውሳኔ ከሕግ መጽሐፍ የፋቁት ከጦርነቱ በኋላ የጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ናቸው። በ1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን አስወገደ፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ደግሞ በአሜሪካ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ሲል ደነገገ። የታሪክ ነገር ሆኖ ይኸው 14ኛ ማሻሻያ በዚያው ሕንጻ ውስጥ የሌላ ክስ መሠረት ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 1872 ቨርጂኒያ ማይነር የተባለች የሴንት ሉዊስ ነዋሪ በመራጭነት ለመመዝገብ ሄዳ፣ መዝጋቢው ሪስ ሃፐርሴት ሴት በመሆንዋ መለሳት። ማሻሻያው ዜግነትን ካረጋገጠልኝ የዜጋ መብት የሆነውን ድምፅ መስጠት ማን ይከለክለኛል ስትል ከሰሰች። በሕጉ መሠረት ያገባች ሴት በስሟ ብቻዋን መክሰስ ስለማትችል፣ የመምረጥ መብቷን ለማስከበር የባሏን የፍራንሲስ ማይነርን ስም ማስቀደም ነበረባት። ባሏ የሕግ ባለሙያ ስለነበር በክርክሩም አብሯት ቆሟል። በ1873 በአሮጌው ፍርድ ቤት ተረታች፤ በ1875 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ዜግነት የመምረጥ መብትን አያስከትልም ብሎ ወሰነባት። የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠው በ1920 ነው።

ከዚህ በኋላ የሕንጻው ዕድል እየደበዘዘ ሄደ። በ1876 በተሰጠ የሕዝብ ድምፅ ከተማዋ ከካውንቲው ስትለይ፣ ካውንቲው መቀመጫውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ፤ ሕንጻውም የከተማው ፍርድ ቤት ሆኖ ቀጠለ። በ1930 አዲስ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ሲከፈት ዳኞቹ፣ ጸሐፊዎቹና መዝገቦቹ ሁሉ ወጡ። የሹቶ እና የሉካስ ተወላጆች ቅድመ ሁኔታው ፈርሷልና መሬቱ ይመለስልን ብለው ቢከስሱም አልተሳካላቸውም። ፍርድ ቤቱ የራሱ ሕልውና በክርክር ላይ የወደቀበት ጊዜ ይህ ነበር።

ያዳነው ሌላ እቅድ ነው። በ1935 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በወንዙ ዳርቻ የምዕራቡ ፍልሰት መታሰቢያ እንዲቋቋም ወሰኑ፤ በ1940 ሕንጻው ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተላለፈ። ለመታሰቢያው ቦታ ሲባል በወንዙ ዳር የነበሩ 40 ያህል የቤት ረድፎች ፈርሰዋል። ከፈረሱት መካከል የዘመኑ የሥነ ሕንጻ ቅርስ የሆኑ ብዙ የንግድ ቤቶች ስለነበሩ ጉዳዩ ዛሬም ያስቆጫል። በዚያ ስፍራ ከተረፉት ጥቂቶች መካከል በ1834 የተሠራው የካቶሊክ ካቴድራልና ይኸው ፍርድ ቤት ይገኙበታል። ቅስቱ በ1965 ተጠናቀቀ። ስፍራው ከ2018 ጀምሮ የጌትዌይ አርች ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠራል።

ለረጅም ጊዜ ጎብኚው በሕንጻው የሚያየው የወርቅ ፈላጊዎችንና የጋሪ ተጓዦችን ታሪክ ነበር። ለውጡ የመጣው ከመዝገቦቹ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሚዙሪ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች በከሰል ጥላሸት ተሸፍነው የኖሩትን የፍርድ ቤቱን ጥቅል ወረቀቶች አንድ በአንድ እየፈቱ፣ እያጸዱና እየመዘገቡ ሄዱ። የድሬድ ስኮት መዝገብ ብቸኛ አለመሆኑ፣ ከ300 ከሚበልጡ አቤቱታዎች መካከል አንዱ መሆኑ በስፋት የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። መዝገቦቹ በኮምፒዩተር ተገልብጠው ማንም ሰው እንዲያነባቸው ተደርጓል። በ2022 በከተማዋ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት አጠገብ ለእነዚያ ከሳሾች መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት ቆሟል። በአሮጌው ፍርድ ቤት ግቢ ደግሞ ድሬድ እና ሃሪየት ስኮት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩበት የነሐስ ሐውልት ከ2012 ጀምሮ አለ።

በ2025 በተጠናቀቀው እድሳት አሳንሰር ተገጥሟል፤ ከዚህ ቀደም ደረጃ መውጣት የማይችሉ ጎብኚዎች ሊያዩት ያልቻሉት ፎቅ ተከፍቷል። ከአዲሶቹ የትርኢት ክፍሎች አንዱ ለስኮት ቤተሰብ፣ ሌላው በሴንት ሉዊስ ጥቁሮች ወደ ነጻነት ለተጓዙበት መንገድ የተሰጠ ነው። ተማሪዎች እንደ ዳኛ፣ እንደ ጠበቃና እንደ ምስክር ሆነው ክርክር የሚለማመዱበት የችሎት አዳራሽም ተሰናድቷል።

የስኮት ጉዳይ የተሰማበትን ክፍል ለማየት የሚመጡ ብዙዎች ግን ክፍሉን አያገኙትም። ከሁለተኛው ክርክር አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1855፣ የላይኛው ወለል እየሰመጠ በማስቸገሩ ሚቼል ችሎቱን ለሁለት ከፍሎ በመሀሉ ደጋፊ ግድግዳዎች አቆመ። በግድግዳዎቹ መካከል የተረፈው ቦታ መተላለፊያ ሆነ። ከምዕራቡ በር ገብቶ ወደ ክቡ አዳራሽ የሚያመራ ጎብኚ ዛሬ የሚራመደው ጥር 1850 ላይ ሸንጎው ለድሬድ ስኮት በፈረደበት ወለል ላይ ነው።